ሂዩ ሃሞንድ ቤኔት፦ የአፈር ጥበቃን ለአርሶ አደሩ ያስረከቡ ባለሙያ

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአሜሪካ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራ ሲነሳ ከሁሉም አስቀድሞ የሚጠራው የሂዩ ሃሞንድ ቤኔት ስም ነው። እኚህ ሰው የአፈር ጥበቃ አባት እየተባሉ እስከ ዛሬ ይታወሳሉ። ይህን ስም ያገኙት ግን እርከንን ፈልስፈው አይደለም። እርከን በኮንሶም ሆነ በሌሎች ሀገሮች እሳቸው ከመወለዳቸው ከብዙ ዘመን በፊት ይሠራ ነበር። የቤኔት ውለታ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ማንም ልብ ሳይለው ቀስ በቀስ የሚታጠበውን አፈር የሀገር አደጋ መሆኑን አሳይተው መንግሥትን ማንቃታቸው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሥራው በመንግሥት ሠራተኛ ብቻ እንደማይዘልቅ ተረድተው፣ አርሶ አደሮች በራሳቸው ድምጽ አቋቁመው በራሳቸው ተመራጮች የሚያስተዳድሯቸው የአፈር ጥበቃ ወረዳዎች እንዲመሠረቱ መታገላቸው ነው። ተደራጅቶ መሥራት ምን እንደሚያስገኝ ለሚያውቅ የኅብረት ሥራ ማኅበር አባል የኚህ ሰው ታሪክ ብዙ ቁም ነገር አለው።

ትውልድና እድገት

ቤኔት የተወለዱት ኤፕሪል 15 ቀን 1881 በሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ በአንሰን ካውንቲ፣ ዋድስቦሮ ከተባለች ትንሽ ከተማ አጠገብ ነው። ቤተሰቡ ብዙ ልጆች ያሉት ሲሆን ከ400 ሄክታር በላይ በሆነ መሬት ላይ በዋነኛነት ጥጥ ያመርት ነበር። አካባቢው ወጣ ገባ የበዛበትና አፈሩ ቀይ ሸክላማ ነው። ጥጥ ከዓመት ዓመት በአንድ ማሳ ላይ እየተደጋገመ ስለሚዘራና በረድፎቹ መካከል ያለው መሬት ራቁቱን ስለሚቆይ፣ ኃይለኛ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ጅረቶቹ እንደ ደም ቀልተው ይወርዱ ነበር። ብዙ ገበሬዎች አንዱ ማሳ ሲደክምባቸው ትተውት ጫካ መንጥረው ሌላ ያርሳሉ፤ የተተወው ማሳም ቦረቦር ይሆናል።

የቤኔት አባት ግን በእርሻቸው ላይ እርከን ይሠሩ ነበር። ትንሹ ሂዩ መስመር በመቀየስና ካስማ በመትከል ያግዙ ነበር። ይህ ሁሉ ድካም ለምን እንደሆነ አባታቸውን ሲጠይቁ ያገኙት መልስ መሬቱ ታጥቦ እንዳይሄድ ነው የሚል አጭር መልስ ነበር። ልጁ ያኔ ብዙም ልብ ያላሉት ይህ መልስ በኋላ የሕይወታቸው ሥራ ሆነ።

በ1897 በቻፕል ሂል ወደሚገኘው የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ገንዘብ ስላጠራቸው ትምህርታቸውን አቋርጠው ሁለት ዓመት በትውልድ ከተማቸው መድኃኒት ቤት ተቀጥረው ከሠሩ በኋላ ተመልሰው በ1903 ተመረቁ። ያጠኑት ኬሚስትሪና የሥነ ምድር ትምህርት ነበር። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የአፈር ቢሮ የአፈር ቅየሳ ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ። የመጀመሪያ ምድባቸው በቴነሲ ግዛት የዴቪድሰን ካውንቲ ነበር። ሥራው በእግርና በጋሪ እየተዘዋወሩ አፈሩን በመሰርሰሪያ እየቆፈሩ ማየት፣ ዓይነቱን መለየትና በካርታ ላይ ማስፈር ነው።

ጫካውና ማሳው

በ1905 ቤኔት ከአንድ የሥራ ባልደረባቸው ጋር ወደ ቨርጂኒያ ግዛት ሉዊዛ ካውንቲ ተላኩ። ጥያቄው በአካባቢው የእርሻ ምርት እየቀነሰ የሄደው ለምንድን ነው የሚል ነበር። ሁለቱ ባለሙያዎች በሥራቸው ላይ ሳሉ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቦታዎችን አነጻጸሩ። ተዳፋታቸው አንድ ነው፤ ከሥር ያለው አለትም አንድ ነው። አንደኛው ታርሶ የማያውቅ ጫካ ሲሆን አፈሩ ጥልቅ፣ ልል፣ እርጥበት የያዘና በባዶ እጅ የሚቆፈር ነበር። ሌላኛው ለረዥም ዘመን የታረሰ ማሳ ሲሆን ላዩ ጠጣር ሸክላ ሆኖ ዝናብ እንኳ ዘንቦበት አልለሰለሰም።

በማሳው ላይ ትልቅ ቦረቦር አልነበረም። ታዲያ የላይኛው ለም አፈር የት ሄደ? ቤኔት የደረሱበት መልስ አፈሩ በየዝናቡ ስስ ሽፋን እየሆነ ከማሳው ሁሉ ላይ በእኩል ሲታጠብ ኖሯል የሚል ነው። እንዲህ ዓይነቱ ክለት ከቦረቦር ይልቅ አደገኛ የሚሆነው ዓይን ስለማያየው ነው። ከአንድ ሄክታር ማሳ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አፈር ብቻ ቢታጠብ የሚሄደው ከ120 ኩንታል የማያንስ አፈር ነው። ገበሬው ግን በዓመቱ ማሳውን ሲያይ የተለወጠ ነገር ያለ አይመስለውም። የሚያውቀው ምርቱ ሲቀንስ፣ ማረሻው ጭንጫ ሲነካና ዘሩ ሳይበቅል ሲቀር ነው።

ይህ ግኝት በቢሮው ውስጥ ወዲያው ተቀባይነት አላገኘም። የቢሮው ኃላፊ ሚልተን ዊትኒ በነበሩበት በ1909 የወጣ የመንግሥት ጽሑፍ አፈር የማያልቅና የማይጠፋ የሀገር ሀብት ነው ብሎ ነበር። ቤኔት በዚህ አልተስማሙም። አለቆቻቸው የተለየ አቋም ቢኖራቸውም ሥራቸውን ሳይለቁ ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ማስረጃ ሲሰበስቡ ቆዩ። በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች በሙሉ ተዘዋወሩ፤ በአላስካ፣ በፓናማ፣ በኮስታሪካና በኩባም አፈር አጠኑ። የደቡብ ግዛቶችን አፈርና ግብርና የሚመለከት መጽሐፍ በ1921 አሳተሙ። በየሄዱበትም አፈር መታጠቡን ለገበሬ ማኅበራት፣ ለጋዜጦችና ለምክር ቤት አባላት ያለ መታከት ይናገሩ ነበር። ቁመታቸው ዘለግ፣ ሰውነታቸው ግዙፍ ስለነበረ ትልቁ ሂዩ የሚል ቅጽል ስም ወጥቶላቸው ነበር።

የ1928ቱ ጽሑፍና የምርምር ጣቢያዎቹ

በ1928 ቤኔት ከዊሊያም ቻፕላይን ጋር ሆነው የአፈር መሸርሸር የሀገር ስጋት መሆኑን የሚያስረዳ አነስተኛ ጽሑፍ በግብርና ሚኒስቴር በኩል አወጡ። በጽሑፉ ውስጥ ከአሜሪካ መሬት በየዓመቱ ታጥቦ የሚሄደው አፈር ከ1.5 ቢሊዮን ቶን እንደማያንስ ገመቱ። ቁጥሩ ግምት ቢሆንም የብዙ ሰው ዓይን ከፈተ። ከነዚህም አንዱ የቴክሳሱ የምክር ቤት አባል ጄምስ ቡካናን ነበሩ። በእሳቸው አቅራቢነት ኮንግረሱ ለአፈር ክለት ምርምር 160,000 ዶላር ፈቀደ።

በዚህ ገንዘብ ከ1929 ጀምሮ በልዩ ልዩ ግዛቶች 10 የምርምር ጣቢያዎች ተቋቋሙ። ከነዚህ ውስጥ በኦክላሆማ ጉትሪ፣ በሰሜን ካሮላይና ስቴትስቪል፣ በዊስኮንሲን ላ ክሮስና በሚዙሪ ቤታኒ የነበሩት ይገኙበታል። የጣቢያዎቹ አሠራር ቀላል ነበር። በተዳፋት መሬት ላይ ትናንሽ መደቦች ይከለላሉ፤ አንዱ በቆሎ፣ ሌላው ሣር፣ ሌላው ሰብል የሌለበት ይሆናል፤ በግርጌያቸው በተቀመጠ ማጠራቀሚያ የወረደው ውሃና አፈር ይለካል። ቤኔት በዓይን ያዩትን በሚዛን ማረጋገጥ የተቻለው በዚህ መንገድ ነው። ሣር የለበሰ መሬት የሚያጣው አፈር ከተራቆተ መሬት ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ እንዳልሆነ ሚዛኑ መሰከረ።

ኩን ቫሊ፦ በተፋሰስ ደረጃ የተሠራ የመጀመሪያው ሥራ

በ1933 አሜሪካ በከባድ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ነበረች። የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መንግሥት ሥራ አጡን ለማሠማራት ከመደበው ገንዘብ 5 ሚሊዮን ዶላር ለአፈር ጥበቃ ተሰጠ። በዚያው ዓመት መስከረም ወር በሀገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥር የአፈር ክለት መከላከያ አገልግሎት ሲቋቋም ቤኔት ኃላፊ ሆኑ።

ቤኔት ገንዘቡን በየቦታው ከመበተን ይልቅ በተመረጡ ተፋሰሶች ላይ ለማሳያ የሚሆን ሥራ ለመሥራት ወሰኑ። የመጀመሪያው በዊስኮንሲን ግዛት የኩን ቫሊ ተፋሰስ ሲሆን ስፋቱ ወደ 37 ሺህ ሄክታር ይሆናል። ሸለቆው በከብት ልቅ ግጦሽና ቁልቁል በሚታረስ ማሳ ተጎድቶ ጎርፍ ቤትና ድልድይ የሚጠርግበት ቦታ ነበር።

ከ400 በላይ ገበሬዎች ለአምስት ዓመት የሚጸና ውል ፈረሙ። መንግሥት ዘር፣ ኖራ፣ የአጥር ሽቦና የወጣት ሠራተኞችን ጉልበት ያቀርባል፤ ገበሬው ደግሞ የተስማማበትን የመሬት አጠቃቀም ይጠብቃል። ገደላማው ቦታ ከከብት ተከልሎ ለደን ተተወ። መካከለኛው ተዳፋት ለሣርና ለግጦሽ ሆነ። ለጥ ያለው ማሳ ደግሞ ቁልቁለቱን አቋርጦ እንዲታረስ ተደረገና ሰብልና የመኖ ሣር እያፈራረቁ በሰፋፊ ጥብጣቦች ተዘራ። ከሰብሉ ጥብጣብ የታጠበውን አፈር ከሥሩ ያለው የሣር ጥብጣብ ያዘው። በቦረቦሮቹ ውስጥ ክትር ተሠራ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሥራው በአንድ ዘዴ ብቻ ያልተደረገ መሆኑ ነው። ቤኔት እርከን ብቻውን መድኃኒት ነው ብለው አያምኑም ነበር። እያንዳንዱ መሬት እንደ አቅሙ መያዝ አለበት፤ ዘዴዎቹም ተደጋግፈው ከላይ እስከ ታች መሠራት አለባቸው የሚል ነበር መርሐቸው።

የአቧራው ዘመንና የ1935ቱ ሕግ

በዚያው ጊዜ በኦክላሆማ፣ በካንሳስ፣ በቴክሳስ፣ በኮሎራዶና በኒው ሜክሲኮ ሰፋፊ ሜዳዎች ሌላ መዓት ወርዶ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የስንዴ ዋጋ በመናሩ ለብዙ ዘመን በሣር ተሸፍኖ የኖረው ሜዳ በትራክተር ተገልብጧል። በ1930ዎቹ ድርቅ ሲመጣ የሚይዘው ሥር ያጣው አፈር በነፋስ ተነሳ። በሜይ 1934 የተነሳው አቧራ ከሜዳው ተነስቶ ኒውዮርክንና ዋሽንግተንን አጨለመ፤ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ በነበሩ መርከቦችም ላይ ወደቀ። ኤፕሪል 14 ቀን 1935 የተነሳው ደግሞ ጥቁሩ እሑድ የሚል ስም አግኝቷል። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ቀዬውን ለቆ ተሰደደ።

በ1935 የጸደይ ወራት ቤኔት የአፈር ጥበቃ ቋሚ መሥሪያ ቤት እንዲኖረው በዋሽንግተን በሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርበው ያስረዱ ነበር። የአቧራ ማዕበል ከምዕራብ ወደ ዋሽንግተን እየመጣ መሆኑን ከመስክ ሠራተኞቻቸው ሰምተው ስለነበረ ንግግራቸውን ሆን ብለው እንዳስረዘሙ ይነገራል። የምክር ቤቱ አባላት መሰላቸት ሲጀምሩ ሰማዩ ጠቆረ። አባላቱም ወደ መስኮቱ ሄደው የገዛ ሀገራቸው አፈር በራሳቸው ላይ ሲያልፍ አዩ። ከዚያ በኋላ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገም። ኤፕሪል 27 ቀን 1935 የአፈር ጥበቃ ሕግ ወጣ። በግብርና ሚኒስቴር ሥር የአፈር ጥበቃ አገልግሎት ተቋቋመ፤ ቤኔትም የመጀመሪያው ኃላፊ ሆኑ።

ወረዳዎቹ ለምን አስፈለጉ?

ሕጉ ወጣ፣ በጀቱም ተፈቀደ። ቤኔትና ባልደረቦቻቸው ግን አንድ ችግር ገጠማቸው። የማሳያ ሥራ የተሠራው በተመረጡ ጥቂት ቦታዎች ነው። የመንግሥት ሠራተኛ በሀገሪቱ እያንዳንዱ ማሳ ላይ ሊቆም አይችልም፤ የሠራው ሥራም እሱ ሲሄድ ጠባቂ ያጣል። ደግሞም ውሃ የማሳ ድንበር አያውቅም። ከላይ ያለው ገበሬ ጎርፉን ከለቀቀው የታችኛው እርከን ይሰበራል። ከታች ያለው ብቻውን ቢደክም ከንቱ ነው። ስለዚህ ጎረቤታሞች በሕግ የታወቀ ድርጅት አቋቁመው በጋራ የሚወስኑበት መንገድ አስፈለገ።

በግብርና ሚኒስቴር ኤም. ኤል. ዊልሰንና የሚኒስቴሩ የሕግ ባለሙያዎች ለግዛቶች ሞዴል የሚሆን ሕግ አረቀቁ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ይህን ሞዴል ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1937 ለግዛት ገዥዎች በሙሉ ልከው ምክር ቤቶቻቸው እንዲያጸድቁት ጠየቁ። አርካንሳስ ወዲያው በማርች ወር ሕጉን በማውጣት ቀዳሚ ሆነች። ሌሎችም ተከተሉና በአሥር ዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ ሁሉም ግዛቶች ተመሳሳይ ሕግ አወጡ።

በሞዴሉ መሠረት የአፈር ጥበቃ ወረዳ ማለት የአስተዳደር ወረዳ ማለት አይደለም። አመሠራረቱ እንደሚከተለው ነው። በቅድሚያ ቢያንስ 25 መሬት የያዙ ገበሬዎች በአካባቢያቸው ወረዳ እንዲቋቋም ፈርመው ለግዛቱ ኮሚቴ ያመለክታሉ። ኮሚቴው ሕዝቡን ሰብስቦ ያዳምጣል፤ ወሰኑንም ይወስናል። ከዚያ በአካባቢው መሬት የያዙት ሁሉ ድምጽ ይሰጣሉ። አብዛኛው ካልተስማማ ወረዳው አይቋቋምም። ከተስማማ አምስት አባላት ያሉት የአመራር ቦርድ ይቋቋማል፤ ሦስቱ በገበሬዎቹ ይመረጣሉ፣ ሁለቱን የግዛቱ ኮሚቴ ይሾማል። የቦርዱ አባላት ራሳቸው ገበሬዎች ሲሆኑ የሚሠሩትም ደመወዝተኛ ሆነው አይደለም።

ወረዳው ከተቋቋመ በኋላ ከፌዴራሉ የአፈር ጥበቃ አገልግሎት ጋር ስምምነት ይፈራረማል። አገልግሎቱ ባለሙያ ይመድብለታል። ባለሙያው ከገበሬው ጋር ማሳውን ዞሮ አይቶ የእርሻ ጥበቃ ዕቅድ ያወጣል። የትኛው ማሳ መቅደም እንዳለበትና ሥራው በምን ቅደም ተከተል እንደሚሄድ የሚወስነው ግን ቦርዱ ነው። ብዙ ወረዳዎች ለአንድ ገበሬ የማይገዙ መሣሪያዎችን በጋራ ገዝተው ያከራያሉ፤ ችግኝና የሣር ዘርም ያቀርባሉ። የኅብረት ሥራ ማኅበር አሠራር ለሚያውቅ ሰው ይህ ሁሉ እንግዳ አይደለም።

የመጀመሪያው ወረዳ የተቋቋመው ኦገስት 4 ቀን 1937 ሲሆን ብራውን ክሪክ ይባላል። የሚገኘውም በሰሜን ካሮላይና፣ በአንሰን ካውንቲ ነው። ቤኔት በልጅነታቸው ካስማ ይዘው አባታቸውን የረዱበት የቤተሰባቸው እርሻ በዚሁ ወረዳ ክልል ውስጥ ይገኛል። ለአንድ ባለሙያ ከዚህ የበለጠ ደስታ ምን ይኖራል?

ተቃውሞና ጉድለት

ሥራው ያለ ተቃውሞ አልሄደም። የግዛቶቹ የግብርና ኮሌጆች የኤክስቴንሽን አገልግሎት ገበሬውን የማስተማር ሥራ የኛ ነው፤ ከዋሽንግተን የሚላክ ሌላ ባለሙያ አያስፈልግም ሲል ተከራክሯል። ትልቁ የገበሬዎች ማኅበርም ከኤክስቴንሽኑ ጎን ቆሟል። ይህ ክርክር ለዓመታት ዘልቋል። ቤኔት በበኩላቸው ባለሙያው በማሳ ላይ ከገበሬው ጋር እየዞረ ካልሠራ በስብሰባና በወረቀት ብቻ አፈር አይድንም ብለው ያምኑ ነበር። ወረዳዎቹ ለዚህ ክርክር መካከለኛ መፍትሔ ሆነው አገልግለዋል። ባለሙያው የሚላከው ገበሬዎቹ ራሳቸው ባቋቋሙት ድርጅት ጥያቄ በመሆኑ ከላይ የተጫነ ነው ማለት አልተቻለም።

ጉድለቶችም ነበሩ። ሞዴሉ ሕግ ወረዳው ሕዝቡን በድምጽ አስወስኖ አፈር የሚያጠፋ አስተራረስን የሚከለክል ደንብ እንዲያወጣ ይፈቅድ ነበር። ብዙ ግዛቶች ይህን ሥልጣን ቀንሰውታል ወይም አውጥተውታል፤ የተሰጣቸው ወረዳዎችም በጥቂቱ ብቻ ተጠቅመውበታል። በመሆኑም ሥራው በአብዛኛው በፈቃደኝነት ላይ የቆመ ሆነ። ፈቃደኛ ያልሆነ ገበሬ ከላይ ሲኖር የታችኞቹ ተጎጂ የመሆናቸው ችግር ሙሉ በሙሉ አልተፈታም። በአንዳንድ ግዛቶች ደግሞ ድምጽ የሚሰጠው ባለመሬቱ ብቻ እንዲሆን ተደርጓል። በደቡቡ ክፍል በእኩል አርሰው የሚኖሩት ብዙዎቹ ጭሰኞች፣ በተለይም ጥቁሮቹ፣ መሬቱን በእጃቸው እያረሱ በውሳኔው ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም።

የቤኔት መሥሪያ ቤት ራሱም የተሳሳተበት ነገር አለ። ከእስያ የመጣውን ኩድዙ የተባለ ሐረግ ለተራቆተ መሬት መሸፈኛ ጥሩ ነው በሚል በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ችግኝ አፍልቶ አከፋፈለ፤ ለተከሉትም ገንዘብ ከፈለ። ሐረጉ ግን ከቁጥጥር ውጪ ሆኖ በደቡብ ግዛቶች ደንና ምሰሶ ሳይቀር እየሸፈነ አስቸጋሪ አረም ሆነ። በ1953 የግብርና ሚኒስቴር ከሚመከሩ የመሸፈኛ ተክሎች ዝርዝር ውስጥ አወጣው። በጎ ዓላማ ይዞ የመጣ ተክልም ቢሆን ጠባዩ በደንብ ሳይጠና ሊስፋፋ እንደማይገባ ይህ ጥሩ ትምህርት ነው።

የኋለኛው ዘመን

ቤኔት በ1939 ስለ አፈር ጥበቃ ወደ አንድ ሺህ ገጽ የሚጠጋ መጽሐፍ አሳተሙ። መጽሐፉ በዘርፉ ለብዙ ዓመት ዋና ማስተማሪያ ሆኖ አገልግሏል። በ1944 በደቡብ አፍሪካ መንግሥት ጥሪ ሀገሪቱን ዞረው አይተው ስለ አፈሯ ሁኔታ ምክር ሰጡ። ደቡብ አፍሪካ በ1946 የራሷን የአፈር ጥበቃ ሕግ አወጣች። ከልዩ ልዩ ሀገሮች የተላኩ ባለሙያዎችም ወደ አሜሪካ እየሄዱ የወረዳዎቹን ሥራ ይጎበኙ ነበር።

ቤኔት ከ1935 ጀምሮ የመሩትን አገልግሎት በ1951 አስረከቡ። በጡረታ ዘመናቸውም ስለ አፈር መናገራቸውንና መጻፋቸውን አላቆሙም። ጁላይ 7 ቀን 1960 በ79 ዓመታቸው አርፈው በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር ተቀበሩ።

የመሠረቱት አገልግሎት በ1994 የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ አገልግሎት የሚል ስም ተሰጥቶታል። በብራውን ክሪክ የተጀመሩት ወረዳዎችም ወደ 3,000 የሚጠጉ ሆነው ዛሬም ይሠራሉ። ከአፈር አልፈው የውሃ ጥራትን፣ የጎርፍ መከላከልንና ሳያርሱ መዝራትን በሥራቸው ውስጥ አካትተዋል። በአሜሪካ መንግሥት ጥናት መሠረት ከሰብል መሬት በክለት የሚጠፋው አፈር ከ1982 እስከ 2007 ባለው ጊዜ ውስጥ በ43 በመቶ ቀንሷል። ይህ ማለት ግን ችግሩ ተወገደ ማለት አይደለም፤ የቀረው ክለት አሁንም ከፍተኛ ነው።

ሥራቸው ከሀገራችን ጋር ያለው ግንኙነት

ቤኔት ያስጀመሯቸው የምርምር ጣቢያዎች የሰበሰቡት መረጃ ከሌሎች ጣቢያዎች መረጃ ጋር ተቀናጅቶ ዊሽማየርና ስሚዝ የተባሉ ተመራማሪዎች የአፈር ክለትን የሚያሰሉበት ቀመር እንዲያወጡ አስችሏል። ቀመሩ በ1965 የታተመ ሲሆን የዝናቡን ኃይል፣ የአፈሩን ዓይነት፣ የተዳፋቱን ርዝመትና ቁልቁለት፣ የሰብል ሽፋኑንና የጥበቃ ሥራውን ያገናዝባል። በሀገራችን በ1981 የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት በወሎ ማይባር፣ በሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ፣ በጎጃም አንጀኒና በሌሎችም ቦታዎች ጣቢያዎች ከፍቶ በተመሳሳይ መንገድ አፈርና ውሃ ለክቷል። ሃንስ ሁርኒ የተባሉት ተመራማሪ ቀመሩን በ1985 ከኢትዮጵያ ሁኔታ ጋር አጣጥመውታል። በግብርና ኮሌጆች የሚሰጠው መሬትን እንደ አቅሙ በስምንት ደረጃ የመክፈል ትምህርትም የቤኔት መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች ካዳበሩት አሠራር የመጣ ነው።

ከቴክኒኩ ይልቅ ግን የሚበልጠው ትምህርት የባለቤትነት ጉዳይ ነው። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሀገራችን ምግብ ለሥራ በሚል ብዙ እርከን ተሠርቷል፤ ብዙ ችግኝ ተተክሏል። ሥራው በአብዛኛው ከላይ የታዘዘ ስለነበረ በ1991 መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ እርከኑ ፈርሷል፣ ደኑም ተጨፍጭፏል። ሰው የኔ ነው ያላለውን ነገር አይጠብቅም። በ2005 የወጣው ማኅበረሰብ አቀፍ አሳታፊ የተፋሰስ ልማት መመሪያ ዕቅዱ ከነዋሪው ጋር እንዲወጣና ነዋሪው በመረጠው ኮሚቴ እንዲመራ ያደረገውም ይህንኑ ለማረም ነው።

የቤኔት ሕይወት የሚያስተምረውም ይኸው ነው። ባለሙያው ያያል፣ ይለካል፣ ያሳያል። መንግሥት ሕግና በጀት ያቀርባል። እርከኑን ከዓመት ዓመት የሚጠግነው፣ ከብቱን ከተከለለው ቦታ የሚያርቀው፣ የላይኛውና የታችኛው ማሳ ባለቤት ተነጋግረው ጎርፉን የሚያወርዱበትን ቦታ የሚስማሙበት ግን በአርሶ አደሩ ፈቃድ ብቻ ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበር አባላት ምርታቸውን በጋራ ለገበያ ማቅረብን፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በጋራ መግዛትን ለምደዋል። ያ ማዳበሪያ ከነአፈሩ ታጥቦ ከሄደ ግን የጋራው ግዢ ትርፉ ለወንዙ ነው። ስለዚህ በማኅበር መሸጥና መግዛት እንዳለ ሁሉ በማኅበር መሬትን መጠበቅም ከማኅበሩ ሥራ ተለይቶ ሊታይ አይገባም። የብራውን ክሪክ ገበሬዎች በ1937 ድምጽ የሰጡት ለዚሁ ነበር።